የጣት አንጓን ብግነት በሥዕል ስለ ማየት

በአገራችን የጣቱ አንጓ ያበጠበትን ሰው «ብርድ መትቶህ ነው» ብሎ ማሰናበት የተለመደ ነው። ራጅ ተነሥቶ አጥንቱ ደኅና ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ነገሩ እዚያው እንዳለቀ ይቈጠራል። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ሐኪሞች አይደለንም፤ ነገር ግን ራጅ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ማወቅ ለሐኪም ብቻ የሚተው ስላልመሰለን፥ የተረዳነውን ባጭሩ ለጓደኞቻችን ልናቀርብ ወደድን።

በመጀመሪያ ብግነት የምንለው ምንድን ነው? ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበትን ስፍራ ከውስጥ የሚያለብስ አንድ ስስ ሽፋን አለ፤ ሥራውም መገጣጠሚያውን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ማመንጨት ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ በሚባለው በሽታ ጊዜ ሰውነትን ከጀርም የሚጠብቀው ኀይል ፊቱን አዙሮ ይህንኑ ሽፋን ይወጋል። ሽፋኑ ይወፍራል፤ አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅሉበታል፤ ፈሳሹም ይበዛል። እንዲህ ሆኖ ሲቈይ ልም አጥንቱንና ዋናውን አጥንት ይበላል። በተለይም የሚያጠቃው ጣት ከመዳፍ ጋር የሚጋጠምበትን ስፍራና የጣትን መካከለኛ አንጓ ነው፤ ሕመምተኛውም ጠዋት ሲነሣ ጣቶቹ ለረጅም ጊዜ አልታዘዝ ይሉታል።

ዊልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚያው ዓመት ያነሣው ስመ ጥር ሥዕል የሚስቱ እጅ ነበር። በሥዕሉ ላይ አጥንቷና ቀለበቷ ጐልተው ሲታዩ ሥጋዋ ግን እንደ ጥላ ነበር። የራጅ ኀይልም ድካምም በዚያ ሥዕል ላይ አለ፤ አጥንት ጨረሩን ሲያግድ፥ ሥጋና ስሱ ሽፋን ያሳልፉታልና። ስለዚህ ራጅ ጐልቶ የሚያሳየን አጥንቱ ከተበላ በኋላ ያለውን ጉዳት ነው፤ ይኸውም ቤት ከተቃጠለ በኋላ ፍርስራሹን እንደ መቍጠር ነው። በበሽታው መጀመሪያ ወራት ራጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱ ግን ይነዳል።

ሁለተኛው መንገድ፥ ብዙዎቻችን በእርጉዝ ሴት ምርመራ የምናውቀው አልትራሳውንድ ነው። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ አንጓው ይላካል፤ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ከሚመጣውም ሥዕል ይሠራል። የወፈረው ሽፋንና የተጠራቀመው ፈሳሽ በዚህ ይታያሉ። ዶፕለር የሚባለው ዘዴ ሲጨመርበት ደግሞ የሚንቀሳቀሰው ደም በቀለም ይታያል። ለምን ቢሉ፥ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲቀርበን ድምፁ እንደሚቀጥን፥ ሲርቀንም እንደሚወፍር ሁሉ፥ ከሚሄድ ደም የሚመለሰውም ድምፅ ይለወጣል። በጤነኛ የጣት አንጓ ውስጥ ይህ ቀለም እምብዛም አይታይም፤ ብግነት ባለበት ግን ይደምቃል። ይህ ምርመራ የራጅ ዐይነት ጨረር የለበትም፤ ሆኖም ውጤቱ በመርማሪው ችሎታ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ድምፁም አጥንትን ዘልቆ ውስጡን አያሳይም።

ሦስተኛው ኤም.አር.አይ ነው። ይህ መሣሪያ በኀይለኛ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ አማካይነት በሰውነታችን ውሃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ምልክት ይቀበላል። ስለዚህ ሽፋኑን ብቻ ሳይሆን በአጥንቱ መቅኒ ውስጥ ያለውን እብጠት ጭምር ያሳያል፤ ይህንንም ራጅና አልትራሳውንድ ሊያሳዩ አይችሉም። እንዲህ ያለ እብጠት የታየበት አጥንት ወደ ፊት የመበላት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ምርመራው ውድ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል።

እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ የትኛው መሣሪያ ይበልጣል የሚለው ሳይሆን፥ ብግነቱ መቼ ታወቀ የሚለው ነው። የተበላ አጥንት እንደ ቀድሞው አይመለስም፤ ብግነቱ ቶሎ ሲታወቅ ግን የሚያበርዱት መድኃኒቶች አሉ። እርግጥ ሥዕል ብቻውን አይፈርድም፤ በጤነኛ ሰው ላይም ጥቂት ምልክት ሊታይ ስለሚችል ሐኪሙ አንጓውን ዳብሶ፥ ደሙንም አስመርምሮ ያመዛዝናል። ስለዚህ ለሳምንታት ጣቶቹ አብጠው ጠዋት ጠዋት የሚደርቁበት ጓደኛም ሆነ ዘመድ «ራጁ ንጹሕ ነው» በሚል ቃል ብቻ ተሰናብቶ እንዳይቀር እንምከረው። ብዕር የሚይዘውም፥ ጥጥ የሚፈትለውም፥ ሊጥ የሚያቦካውም እጅ አንዴ ከተጣመመ በኋላ ምክራችን አይጠቅመውም።