ነጠላው ላይ የምትታየው ጥቁር ነጥብ ከየት መጣች?
አቧራ የገባበት ካሜራ የበዓል ፎቶ እንዳያበላሽ ምን ይደረግ

አብዛኛውን ጊዜ ሔሽቫን 29 ቀን፣ ከዮም ኪፑር ጀምሮ ሲቆጠር በ50ኛው ቀን፣ በሚከበረው የስግድ ዕለት በኢየሩሳሌም አርሞን ሐናጺቭ ላይ ካሜራ ያልያዘ ወጣት ማግኘት ያስቸግራል። ቀሶቹ ኦሪቱን ይዘው፣ ባለ ቀለም ጥላ ተዘርግቶ ሲወጡ ልጅም የልጅ ልጅም ያነሳል። ማታ ፎቶው በኮምፒዩተር ተከፍቶ ሲታይ ግን በአንዳንድ ቤት ክርክር ይነሳል። «ይቺ ጥቁር ነጥብ ምንድን ናት? ነጠላዬ እኮ ንጹሕ ነበር!» ትላለች አያት። «የለም እማማ፣ የእርስዎ ነጠላ አይደለም፣ ካሜራው ነው» ይላል የልጅ ልጅ።

ልጁ እውነቱን ነው። ነጥቧ በሚቀጥለው ፎቶ ሰማዩ ላይ፣ ከዚያም በሌላ ሰው ትከሻ ላይ፣ ሁልጊዜ በዚያው ማዕዘን ትገኛለች። ሰዉ ይንቀሳቀሳል፣ እሷ ግን ቦታዋን አትለቅም። የካሜራ አቧራ የሚታወቀውም በዚህ ነው።

ከፊልም ዘመን የተለየው ነገር

በድሮው ካሜራ ብርሃን የሚቀበለው ፊልም ነበር። ብናኝ ቢያርፍበት እንኳ ፊልሙ እየተጠቀለለ ስለሚሄድ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ በዚያችው አንዲት ፎቶ ይቀር ነበር። በዲጂታል ካሜራ የፊልሙን ቦታ የያዘው ሴንሰር የሚባለው ክፍል ነው። ፉል ፍሬም በሚባሉት ካሜራዎች ስፋቱ 36 በ24 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሴንሰር እንደ ፊልም አይቀየርም። ስለዚህ ከፊቱ ባለው ስስ መስታወት ላይ ያረፈች ብናኝ እስክትጠረግ ድረስ በሺህ ፎቶ ላይ ጥላዋን ትጥላለች።

አቧራው በዋናነት የሚገባው ሌንስ ሲቀየር ነው። ነፋስ ባለበት፣ ሻራቭ በሚነፍስበት ቀን፣ ካሜራውን ከፍቶ መቆም በሩን ለአቧራ ከፍቶ እንደ መተው ነው።

ታዲያ ለምን ነጠላና ሰማይ ላይ ጎልታ ትታያለች? ጥበብ ወይም ዛፍ ወይም የሰው ብዛት ባለበት ቦታ ነጥቧ ትደበቃለች፤ ወጥ በሆነ ነጭ ላይ ግን መደበቂያ የላትም። ሁለተኛው ምክንያት የሌንሱ ቀዳዳ ነው። በቀትር ፀሐይ ፎቶ አንሺው ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 ያጠበዋል። ከትንሽ ኩራዝ ፊት የቆመ ሰው ጥላው ጥርት ብሎ ግድግዳ ላይ እንደሚወድቅ፣ በትልቅ መስኮት ብርሃን ግን እንደሚደበዝዝ ሁሉ፣ በጠባብ ቀዳዳ የብናኟ ጥላ ይጠቁራል። በኤፍ 2.8 ሲነሳ ያቺው ብናኝ ብዙ ጊዜ አትታይም።

ከበዓሉ በፊት የሚደረግ ፈተና

ፈተናው ቀላል ነው። ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 16 ወይም 22 አጥብቦ፣ ሌንሱን ሆን ብሎ አደብዝዞ፣ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ማንሳት ነው። ፎቶው በኮምፒዩተር ሰፋ ተደርጎ ሲታይ አቧራው ራሱን ያጋልጣል። ሌንስ ምስሉን ገልብጦ ስለሚጥል፣ በፎቶው ላይ ከላይ የታየች ነጥብ በሴንሰሩ ላይ የምትገኘው ከታች ነው።

መጀመሪያ የሚሞከረው የካሜራው የራሱ ማጽጃ ነው። በ2003 የወጣው ኦሊምፐስ ኢ-1 ይህን ዘዴ ካመጣ ወዲህ ብዙ ካሜራዎች መስታወቱን በፍጥነት እያንቀጠቀጡ አቧራውን ያራግፋሉ። በዚህ ካልለቀቀ የጎማ መንፊያ አለ። ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ካሜራው በማጽጃው ሥርዓት ይከፈት፣ አፉ ወደ ታች ይደፋ፣ መንፊያው ሳይነካ ከውጭ ይነፋ። የተጣበቀ ካለ በሴንሰሩ ልክ የተሠራ መጥረጊያና የራሱ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ እጁ ላልለመደ ሰው ግን ወደ ካሜራ ጠጋኝ መውሰድ ይሻላል።

የማይደረገውም መታወቅ አለበት። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ያስገባል። የታመቀ አየር ያለበት ቆርቆሮ ፈሳሽ ሊተፋ ይችላል። የጆሮ ጥጥ፣ መሐረብ፣ የነጠላ ጫፍም ቢሆን መስታወቱን ይጭራል።

በስልክ ለሚያነሱ ነገሩ ቀሎላቸዋል። የስልክ ካሜራ የተዘጋ ስለሆነ አቧራ ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። ፎቶው ጭጋግ ከለበሰ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የጣት ቅባት ነው፤ በለስላሳ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል።

አቧራ ሲጠፋ ሰው አብሮ እንዳይጠፋ

የተበላሸውን ፎቶ በኮምፒዩተር ማረም ይቻላል። ፕሮግራሙ ነጥቧን በአጠገቧ ባለው ቀለም ይሸፍናታል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ አቧራን ከሰው ምልክት አይለይም። ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ እንዲያጸዳ ከታዘዘ የእናትን የአንገት ንቅሳት፣ የአባትን ጠባሳ ወይም ጉንጭ ላይ ያለች ምልክት አብሮ ሊጠርግ ይችላል።

ከጎንደር አገር የመጡ አሮጌ ፎቶዎች ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጡም ያው ነው። መጀመሪያ የስካነሩ መስታወት ይጠረግ፤ የፎቶው አቧራም በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ። አንድ ሰው ብቻውን «ቆሻሻ ነው» ብሎ ከማጥፋቱ በፊት ደግሞ ፊቱን የሚያውቅ ሽማግሌ ይጠየቅ፤ ያልታረመውም ቅጂ ለብቻው ይቀመጥ።

ወጣቱ ካሜራውን ያውቃል፤ ሽማግሌው ደግሞ ሰዉን ያውቃል። የትኛው አቧራ፣ የትኛው የእናት ንቅሳት እንደሆነ መለየት የሚቻለው ሁለቱ በአንድ ፎቶ ፊት ሲቀመጡ ነው። ነጠላው ላይ ያለችው ነጥብ ትጥፋ። ንቅሳቱ ግን ይቆይ፤ ያላዩዋት የልጅ ልጆች አያታቸውን የሚለዩት በእሱ ነውና።