የወንዝ ውሃ መዝገብና የነጋዴው መጋዘን

ክረምት በገባ ቁጥር በንፋስ ስልክ ላፍቶ በትንሹ አቃቂ ወንዝ አጠገብ መጋዘን ወይም ሱቅ ያለው ነጋዴ ሌሊት የዝናም ድምፅ ሲሰማ ዕቃውን ሳያስብ አያድርም። ግቢው ከወንዙ ስንት ክንድ እንደሚርቅ ያውቃል፤ በየትኛው ዝናም ውሃው ስንት ክንድ ከፍ እንዳለ ግን በጽሑፍ የያዘ ሰው እምብዛም አይገኝም። ጎረቤቶች «ዐምና እስከዚህ ደርሶ ነበር» እያሉ ግድግዳ ያሳያሉ፤ ግድግዳው ኖራ ሲቀባ ምልክቱም አብሮ ይጠፋል።

ትንሹ አቃቂ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ከፍታዎች ወርዶ ወደ ደቡብ ይጓዛል፤ እንደ ትልቁ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ገብቶ በመጨረሻ አዋሽን ይቀላቀላል። ከተማው በአስፋልትና በቆርቆሮ እየተሸፈነ በሄደ መጠን ዝናሙ መሬት ውስጥ ለመስረግ ጊዜ ስለማያገኝ ወንዙ በአጭር ሰዓት ይሞላል፤ በአጭር ሰዓትም ይጎድላል።

የውሃ ሊቃውንት ይህንን አስቀድሞ ለመገመት የሚሠሩበት፣ ሞዴል ተብሎ የሚጠራው ስሌት ለነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም። ዝናም ገቢ ዕቃ ነው፤ ወንዝ ይዞት የሚሄደው ወጪ ነው፤ መሬት ውስጥ የሚቀረው በመጋዘን ያለ ቀሪ ነው፤ በፀሐይ የሚተነውም ሁሉም ነጋዴ የሚያውቀው ጉድለት ነው። ሒሳቡ ልክ መሆኑ የሚረጋገጠው በቆጠራ እንደ ሆነ ሁሉ ስሌቱም ልክ መሆኑ የሚታወቀው ከተለካ ውሃ ጋር ሲመሳከር ነው። ችግሩ የመንግሥት መለኪያዎች በታላላቅ ወንዞች ላይ ሲኖሩ በትንንሾቹ ላይ ጥቂት መሆናቸው ነው።

በዚህ ረገድ በአገራችን የተደረገ አንድ ሥራ ሊታወቅ ይገባዋል። በአማራ ክልል በዳንግላ ወረዳ በዳንገሽታ ቀበሌ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ነዋሪዎቹ ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናምን፣ የኪልቲንና የብራንቴን ወንዞች ከፍታ፣ እንዲሁም በእጅ የተቆፈሩ ጉድጓዶችን ውሃ እየለኩ መመዝገብ ያዙ። በወንዙ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ተተከለ፤ የሚጠበቅባቸው ቁጥሩን አንብቦ በደብተር ማስፈር ብቻ ነበር። ዴቪድ ዎከርና ባልደረቦቹ በ2008 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት የነዋሪዎቹ መዝገብ ከመደበኛ ጣቢያዎች ጋር ተመሳክሮ የሚታመን ሆኖ ተገኝቶአል፤ የዝናሙ ልኬት እንዲያውም ከሳተላይት ግምት የተሻለ ነበር። ይህን የሠሩት የቀበሌው ነዋሪዎች ናቸው።

በጎረቤታችን በኬንያ፣ በሶንዱ ወንዝ ተፋሰስ፣ በ13 ቦታዎች ሰሌዳ ተተክሎ አላፊ አግዳሚው ያነበበውን በስልክ መልእክት እንዲልክ ተደርጎ ነበር። በአንድ ዓመት 124 ሰዎች 1,175 ልኬቶች ልከዋል፤ አብዛኛው ግን የመጣው ከጥቂት ታታሪዎች ነው። የዕድር መዋጮ የሰበሰበ ሰው በዚህ አይደነቅም።

የውሃው ከፍታ ብቻውን የውሃው መጠን አይደለም። ከፍታውን ወደ መጠን ለመለወጥ ባለሙያ እየመጣ የውሃውን ፍጥነትና የወንዙን ስፋት መለካት አለበት። ሆኖም ወንዙ መቼ እንደ ከፈለና መቼ እንደ ጎደለ የሚያሳይ ተከታታይ ቁጥር፣ በተለይ ዝናም በሚበዛበት አገር፣ የተሳሳተ ስሌት ለማረም ይረዳል።

ትንሹ አቃቂን በተመለከተ ግን ከገጠሩ የሚለይ ነገር አለ። ጠዋትና ማታ ብቻ የሚያነብ ሰው ሌሊት መጥቶ ሌሊት የሄደውን ጎርፍ አያየውም። በድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን የፈጀው የደቻቱ ጎርፍ የወረደው ሌሊት ነው፤ ደቻቱም አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው።

ስለዚህ በላፍቶ ለዚህ ሥራ የሚመቸው የመጋዘኑ ዘበኛ ነው። ሌሊት ነቅቶ የሚያድር እርሱ ነው፤ ውሃው የድልድዩን እግር ሲነካ የሚያየውም እርሱ ነው። የሚያስፈልገው የማይነቃነቅ ምልክት፣ የእጅ ባትሪና ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከፍታውን የሚጽፍበት ደብተር ነው። ያላየውን ሰዓት ባዶ መተው አለበት፤ በግምት የተሞላ መስመር ባዶ ከቀረው የበለጠ ሒሳቡን ያበላሻል። ምልክቱም ግድግዳው በተቀባ ቁጥር ከፍ ዝቅ መደረግ የለበትም።