ፊደል መጥራትና ማንበብ ለየቅል ናቸው

እንደሚታወቀው፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ወደሚቀጥለው ክፍል ከመሻገሩ በፊት ሰዋስውንና ንባብን እንዲከልስ ይደረጋል። ብዙዎቻችን ታዲያ በማስተማር ልምምድ ጊዜ ሰኞ ሰዋስው፣ ረቡዕ ንባብ እያልን ለያይተን እናቀርባቸዋለን። ይህ አሠራር ለምን እንደማያዋጣ በዚህች ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ይጁቤ አካባቢ ለልምምድ ወጥተን ሳለ አንዲት የ3ኛ ክፍል ተማሪ «ውሻውን ጅቡ አባረረው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንድም ፊደል ሳትስት አነበበች። «ጎበዝ!» ብለን ልናልፍ ስንል «ማን ነው ያባረረው?» ብለን ጠየቅናት። «ውሻው» አለች። ክፍሉም በሙሉ ተስማማ። ልጆቹ የመለሱት ከጽሑፉ ሳይሆን ከሰፈራቸው ነው፤ በሰፈር ጅብ የሚያባርር ውሻ ነዋ! «ን»ን አፋቸው ጠራት እንጂ ልባቸው አላያትም። ተሳቢውን የምታሳየው ግን እሷ ነች።

ሌላም ችግር አለ። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ተባዝተው 231 ይሆናሉ። ሆኖም ልጁ ሁሉንም ቢያውቅ እንኳ መጥበቅና መላላትን ጽሕፈታችን አያሳየውም። «ገና አልመጣም» ሲባል «ና» ይላላል፤ «የገና ጨዋታ» ሲባል ይጠብቃል። «ልጁ ኳሱን ይመታል» እና «ኳሱ በልጁ ይመታል» በሚሉትም «ይመታል» አጻጻፉ አንድ ነው፤ በሁለተኛው ግን «መ» እና «ታ» ይጠብቃሉ። ለልጁ የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ምንድን ነው? ሰዋስው ነው። እንግዲህ ሰዋስው ለፈተና የሚሸመደድ ትርጓሜ ሳይሆን የንባብ መሣሪያ ነው ማለት ነው።

ይህን የቄስ ትምህርት ቤት ጥንትም ያውቀዋል። ፊደል የቆጠረ ልጅ ገና አንባቢ አይባልም፤ የግዕዙን ንባብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እያለ ለይቶ እስኪያነብ ድረስ የኔታ ያርመዋል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከምንባቡ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ቢያንስ ይታወቃሉ። ፊደል እየጠራ ትርጉሙ የማይገባው ልጅ ግን «ያነባል» ተብሎ ያልፍና የሳይንስ መጽሐፍ ሲገጥመው ይቀራል። ያን ጊዜ «ሰነፍ» ይባላል። ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም።

ስለዚህ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ብናደርግ ይበጃል፦

1ኛ/ ከምንባቡ አምስት ወይም ስድስት ዓረፍተ ነገር መርጠን፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይተን እናንብብላቸው።

2ኛ/ በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉ። አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍትም እንዲሁ ያደርጋሉ።

3ኛ/ «ን»ን ከአንዱ ስም ወደ ሌላው እያዛወርን «አሁንስ ማን ማንን?» እንበል።

4ኛ/ መልስ ሲሰጡ «በምን አወቅሽ? በምን አወቅህ?» ብለን እንጠይቅ። ጣታቸውን ፊደሉ ላይ ያሳርፉ።

5ኛ/ በመጨረሻ ድምፅ ሳያሰሙ አንብበው በራሳቸው አነጋገር ለጎረቤታቸው ይንገሩ። ተማሪው ብዙ ቢሆንም ጥንድ ጥንድ ሆኖ መነጋገር አያቅትም።

ያቺ ልጅ «ን»ን ካሳየናት በኋላ ዓረፍተ ነገሩን ደግማ አነበበችና ሳቀች። «ለካ ጅቡ ነው!» አለች። ያነበበችው ያን ጊዜ ነው።