የሳንባ ካንሰርን በደም ምርመራ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን?

በመካኒሳ የሚኖሩ አንዳንድ ወላጆች፥ «የሳንባ ካንሰር በጥቂት ደም አስቀድሞ ይታወቃል ይባላል፤ እውነት ነውን? እኛስ ልንመረመር ይገባናልን?» እያሉ ይጠይቁናል። ጥያቄው ለማንኛውም ቤተ ሰብ የሚጠቅም ስለ ሆነ መልሱን በዚህ ገጽ ለመግለጽ ወደድን።

አስቀድሞ ስሙን ማጥራት ያስፈልጋል። በቋንቋችን «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለሁለት በሽታ ይነገራል። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ብዙ ጊዜ ቲቢ ማለት ነው፤ «ነቀርሳ» ብቻ ሲባል ደግሞ ካንሰርንም ያመለክታል። ቲቢ በተሕዋስያን የሚመጣ፥ በትንፋሽ የሚተላለፍና በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ካንሰር ግን የገዛ ሰውነታችን ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ለቀው ያለ ልክ ሲበዙ የሚፈጠር እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም።

ስማቸው እንደ ተቀላቀለ ምልክታቸውም ይመሳሰላል። የማያቋርጥ ሳል፥ ደም የቀላቀለ አክታ፥ የደረት ውጋትና የሰውነት መክሳት በሁለቱም ይታያል። ኢትዮጵያ የዓለም የጤና ድርጅት ቲቢ ይበዛባቸዋል ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ስለ ሆነች፥ ሳል የጠናበት ሰው ሲመጣ በመጀመሪያ ቲቢ መታሰቡ ተገቢ ነው። አደጋው ያለው ቲቢ እንደሌለ ታውቆ፥ ወይም መድኃኒቱ ተወስዶ አልቆ፥ ሳሉ ሳይለቅ ነገሩ በዚያው ሲተው ነው። የሳንባ ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተሠራጨ በኋላ ግን ማዳኑ እጅግ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደ ሞተ ተገምቷል፤ ከካንሰር ዓይነቶችም ሁሉ ብዙ ሰው የሚገድለው እርሱ ነው።

እንግዲህ ደም ይህን በሽታ እንዴት ይገልጣል? ሕዋሳት ሲሞቱ በውስጣቸው ያለው ዲኤንኤ የሚባለው ነገር ተቈራርጦ ወደ ደም ይገባል። ይህም በደም ውስጥ መገኘቱን ማንዴልና ሜቴ የተባሉ ፈረንሳውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1948 ገልጠዋል። ከካንሰር ሕዋስ የሚወጣው ቍራጭ ከጤነኛው በአቈራረጡና በያዘው ለውጥ ይለያል፤ አዲሶቹ ምርመራዎችም የሚፈልጉት ይህን ልዩነት ነው። ነገር ግን ዕጢው ትንሽ ሲሆን ወደ ደም የሚልከውም እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ወሬው ይበልጥ በሚያስፈልገን ጊዜ ደሙ ዝም ሊል ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የሒሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል 10,000 ሰዎች ይመረመሩ እንበል፤ ከእነርሱም በሽታው ያለባቸው 10 ብቻ ይሁኑ። ምርመራው ከአሥሩ 8ቱን ቢያገኝ፥ ነገር ግን ከ100 ጤነኞች 10ሩን በስሕተት «ታማችኋል» ቢል፥ 8 ሕሙማንና 999 ጤነኞች በአንድነት ይደነግጣሉ። ከጤነኞቹም ብዙዎቹ ለማያስፈልጋቸው ምርመራ ጥሪታቸውን ያወጣሉ። የቀሩት 2 ሕሙማን ደግሞ «ደኅና ናችሁ» ተብለው ተዘናግተው ይሄዳሉ።

እስከ ዛሬ የሳንባ ካንሰርን ሞት በመቀነስ የተመሰከረለት በአነስተኛ ጨረር የሚደረገው የሲቲ ስካን ምርመራ ነው። በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ሲጋራ ያጨሱ ከ53,000 በላይ ሰዎች በተካፈሉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት፥ በሲቲ ስካን ከተመረመሩት መካከል በሳንባ ካንሰር የሞቱት፥ በተራ የደረት ራጅ ከተመረመሩት በ20 በመቶ ያነሱ ሆነው ተገኙ። የደም ምርመራ ይህን ቦታ የሚተካ አልሆነም፤ ለሐኪም ረዳት ሊሆን ይችላል እንጂ ብቻውን ፈራጅ አይደለም። በየክሊኒኩ የሚደረገው የተለመደው የደም ምርመራማ የሳንባ ካንሰርን ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ «ደሜ ደኅና ነው ተብያለሁ» ብሎ ሳልን ችላ ማለት ራስን ማታለል ነው።

«በቤታችን ትምባሆ የሚያጨስ የለም» የሚሉም አሉ። ትምባሆ ዋናው ምክንያት መሆኑ እውነት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ማጨስንና ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑት መሸጥን ከልክሏል። ይሁን እንጂ አጭሰው የማያውቁ ሰዎችም በዚህ በሽታ ይያዛሉ። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት የናፍጣ ሞተርን ጭስ እ.ኤ.አ. በ2012 ካንሰር ከሚያመጡት ጋር መድቦታል፤ በቤት ውስጥ የሚነደውን የእንጨት ጭስም ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሏል። ስለዚህ በማዕድ ቤት መስኮት ማውጣትና ሕፃናትን ከጭሱ ማራቅ ቀላል ግን ጠቃሚ ጥበቃ ነው።

አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ሳል ከ2 ሳምንት በላይ የቆየበት ሰው በቤታችሁ ቢኖር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ አክታውም ይመርመር። ቲቢ ካልተገኘበትና ሳሉ ካልተወው ግን ዝም አትበሉ፤ «እንግዲህ ምንድር ነው?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ራጅ፥ እንደ አስፈላጊነቱም ሲቲ ስካንና ከሳንባው የሚወሰድ ናሙና እውነቱን ይገልጣሉ። በሽተኛውም የአጫሽ ስም እንዳይሰጠው ፈርቶ ሕመሙን እንዳይደብቅ አበረታቱት፤ ከመድኃኒት የሚያዘገየው አንዱ እፍረት ነውና።