አይጧ ከዳነች ገበሬውም ይድናልን?



ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ ጓደኛችን፣ «በእኛ ቀበሌ ሰው ማላታይን ረጭቶ ሲገባ ጥቁር አዝሙድ በማር ይልሳል፤ መርዙን ያበርደዋል» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ይኸማ በአይጥ ተሞክሮ ተረጋግጧል እኮ!» ብሎ ደገፈው። በርግጥ ሙከራው አለ። ግን ያረጋገጠው ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ የኩላሊትን ሥራ እንመልከት።

ሁለቱ ኩላሊቶች ከሰውነታችን ክብደት አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም። ሆኖም ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛው ያህል ወደ እነርሱ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ 1 ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው። የቀረው በቀጫጭን ቱቦዎች በኩል ወደ ደም ይመለሳል። እንግዲህ ወደ ደም የገባ መርዝም ወደዚሁ ስፍራ መድረሱ አይቀርም።

ማላታይን፣ ዲያዚኖንና ክሎርፒሪፎስ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባሉት ፀረ ተባዮች ወገን ናቸው። ተባዩን የሚገድሉት ነርቩን በማወክ ነው፤ የሰውንም ነርቭ እንደዚሁ ያውካሉ። ከዚህም ሌላ ኦክስጅን ብረትን እንደሚያዝግ ሁሉ የሴልን ቅባትና ፕሮቲን የሚያበላሹ ቅንጣቶች በሰውነት ውስጥ እንዲበዙ ያደርጋሉ። የኩላሊት ቱቦዎች የሚጎዱበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ሙከራው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይካሄዳል። ነጫጭ አይጦች በአራት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ምንም አይሰጣቸውም፤ ሁለተኛዎቹ መርዙን ብቻ፣ ሦስተኛዎቹ የዕፅዋቱን ጭማቂ ወይም ዘይት ብቻ፣ አራተኛዎቹ ሁለቱንም ይወስዳሉ። በመጨረሻ ደማቸው ይመረመራል፤ ኩላሊታቸውም በማይክሮስኮፕ ይታያል። መርዝ ብቻ በወሰዱት ላይ ኩላሊት ማስወገድ የነበረበት ዩሪያና ክሬአቲኒን በደም ውስጥ ይበዛል፤ የቱቦዎቹም ሴሎች ተጎድተው ይገኛሉ። ጥቁር አዝሙድ ወይም ሽፈራው በተጨመረላቸው ላይ ግን ጉዳቱ ቀለል ብሎ የታየባቸው ሙከራዎች ጥቂት አይደሉም። በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው ታይሞኪኖን እነዚያን አጥፊ ቅንጣቶች ስለሚቋቋም ነው።

ታዲያ ምን ቀረ? ትላላችሁ ይሆናል። የቀረው ብዙ ነው።

አንደኛ፣ ለአይጧ ጭማቂው የሚሰጣት በኪሎ ክብደቷ ተመዝኖ፣ ብዙውን ጊዜም ከመርዙ በፊት ወይም ከመርዙ ጋር ነው። ገበሬው ግን በግምት የሚልሰው ከተመረዘ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ «ቀለለ» ማለት «ጠፋ» ማለት አይደለም። የታወከውን ነርቭ ለማከም ሐኪም የሚሰጠው እንደ አትሮፒን ያለ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ አዝሙድ የእርሱን ቦታ አይተካም።

ሦስተኛ፣ ዕፅዋትም ራሳቸው ኩላሊት ይገድላሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጅግ አገር ለመክሳት ሲሉ የቻይና ቅጠላ ቅጠል የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው ከሥራ ውጭ ሆነ። አሪስቶሎኪያ የሚባል መርዛማ ተክል ተቀላቅሎበት ኖሯል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ኩላሊት ደግሞ በሽታውን ራሱ ይደብቃል፤ የማጣራት ችሎታው በግማሽ ያህል እስኪቀንስ ድረስ የክሬአቲኒን ምርመራ እንኳ ጤነኛ ሊያስመስለው ይችላል። «ላስሁና ምንም አልሆንኩም» የሚለው ሰው በምን ያውቃል?

ስለዚህ ነገ በገጠር ስናስተምር ይህን አንርሳ። የመርዝ ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን ለመጠጥ ውኃ አይሆንም። የሚረጭ ሰው ጓንት፣ ጭንብልና ሰውነት የሚሸፍን ልብስ ያድርግ፤ ነፋስ ወደ ፊቱ እንዳያመጣበት ይጠንቀቅ፤ ሲጨርስ ገላውን በሳሙና ይታጠብ፤ ልብሱም ለብቻው ይታጠብ። ላብና ምራቅ የበዛበት፣ የሚያስመልሰው፣ የዓይኑ ብሌን የጠበበ ሰው ካጋጠመን አዝሙድ ፍለጋ ጊዜ አናጥፋ። የተበከለውን ልብስ አውልቀን፣ ገላውን አጥበን፣ በእቃው ላይ የተጻፈውን የመርዙን ስም ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እንሩጥ።

ጥቁር አዝሙዱ ለበርበሬያችን ይቆየን።