የጉበት ትል ምርመራ በመንደር ደጅ፦ ለሮቤ፣ ለጎባና ለአካባቢው አርቢዎች

በባሌ ደጋ በረግረግና በወንዝ ዳር የሚሰማሩ በጎችና ከብቶች ለጉበት ትል የተጋለጡ ናቸው። ትሉ በቀጥታ ከእንስሳ ወደ እንስሳ አይተላለፍም። በጭቃማ ውኃ ዳር በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ ወጥቶ ሣር ላይ ይጣበቃል፤ እንስሳውም ከሣሩ ጋር ይበላዋል። አካባቢው በበልግም በመኸርም ዝናብ ስለሚያገኝ መስኩ ለረጅም ጊዜ ረጥቦ ይቆያል፤ ይህም ለቀንድ አውጣዋ ይመቻታል።

አርቢው ብዙውን ጊዜ ወደ ባለሙያ የሚመጣው ከበጉ መንጋጋ ሥር እብጠት ሲያይ ነው። ያን ጊዜ ጉበቱ ብዙ ተጎድቷል። የዐይን ሽፋን ውስጠኛው ክፍል መንጣት ደም ማነስን ያመለክታል፤ ሆኖም ደም የሚመጥ የጨጓራ ትልም ይህንኑ ስለሚያስከትል ምልክቱ ብቻውን በቂ አይደለም።

ምርመራው ቀላል ነው። ባለሙያው 3 ግራም ያህል ትኩስ እበት ወይም በጠጥ በውኃ በጥብጦ ያጠላል፤ ከዚያም እንዲዘቅጥ ይተወዋል። የትሉ እንቁላል ከባድ በመሆኑ ከታች ይቀራል። ዝቃጩ ላይ ሜቲሊን ብሉ ሲጨመር ሌላው ሰማያዊ ሆኖ እንቁላሉ ቢጫ እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ይታያል። መስተዋት ያለው ማይክሮስኮፕ በፀሐይ ብርሃን ስለሚሠራ መብራት በሌለበት ቀበሌም ሥራው አይስተጓጎልም።

አንድ ጉዳይ ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ትሉ ወደ እንስሳው ከገባ በኋላ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ «እንቁላል አልተገኘም» የሚል ውጤት እንስሳው ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ወጣት ትል የገባበት በግ ምልክት ሳያሳይ ሊሞት ይችላል። መንጋው የት እንደተሰማራና በቅርቡ የሞተ እንስሳ ጉበቱ ምን ይመስል እንደነበር ለባለሙያው መንገር ከናሙናው ያላነሰ ዋጋ አለው።

የመድኃኒቱ ምርጫም በዚሁ ይወሰናል። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ሲሆን፣ ትሪክላቤንዳዞል ወጣቱንም ይገድላል። አልቤንዳዞል በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ላለ ጽንስ አደገኛ ስለሆነ ያረገዘች እንስሳ ካለች አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ከሕክምና በኋላ ወተቱና ሥጋው ለምግብ የማይውልበትን ጊዜ ባለሙያው ይገልጻል።

ናሙናው በንጹሕ ዕቃ ተይዞ በዕለቱ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ለወረዳው ክሊኒክ ይቅረብ። ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ ክሊኒኩ አሰላ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይልካል።