የማር ማጠራቀሚያ ዕቃ አመራረጥ
ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የንብ ማነብ ሥራ

ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ ስታጌጥ፣ በጥቅምትና በኅዳር ዋነኛው የማር ቆረጣ ወቅት ይደርሳል። በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥና በገዳማት ዙሪያ የሚገኘው የንብ ሀብት ለአጥቢያ ሁለት በረከት ያስገኛል፤ ማሩ ተሽጦ ለአብነት ተማሪዎች ቀለብና ለአገልጋዮች መደጎሚያ ይሆናል፤ ሰሙም ለጧፍ ይውላል። ሆኖም የሰበካ ጉባኤያት ስለ ቀፎ ግዥ አብዝተው ሲመክሩ፣ ማሩ ከቀፎ ከወጣ በኋላ ስለሚያርፍበት ዕቃ የሚመክሩት ጥቂት ነው። ንቦች የደከሙበትና ምእመናን ገንዘባቸውን ያዋጡለት ምርት ግን ባልተገባ ዕቃ ምክንያት በጥቂት ሳምንታት ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከግዥ በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡትን ነጥቦች ከዚህ በታች እናቀርባለን።

የማር ጠባይ

ዕቃን ለመምረጥ አስቀድሞ የማርን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ማር ቢጣፍጥም በውስጡ አሲድ ስላለው አንዳንድ ብረቶችን ይበላል። ሁለተኛ፣ ከአየር ላይ እርጥበትን ይስባል። በማር ውስጥ ያለው ውኃ ከመቶ 20 እጅ ሲበልጥ ማሩ ሊቦካ ይችላል። መቡካት ጠጅ ለሚጥል ሰው ግቡ ነው፤ ማሩን ለገበታ ለሚሸጥ ደብር ግን ኪሳራ ነው። ሦስተኛ፣ በአካባቢው ያለውን ሽታ በቀላሉ ይቀበላል። ዕቃውን የምንመርጠው እነዚህን ሦስቱን እያሰብን ነው።

ከምን የተሠራ ይሁን?

ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ፣ ተራ ብረትና መዳብ ለማር አይሆኑም። አሲዱ ዚንኩንና መዳቡን ያሟሟል፤ ብረቱን ያዝጋል፤ የማሩም ቀለምና ጣዕም ይለወጣል። የሸክላ ጋንና እንስራ አባቶቻችን ለዘመናት የተገለገሉባቸው ቢሆኑም፣ ያልተለሰነ ሸክላ እርጥበትንና ሽታን ስለሚያሳልፍና አጥርቶ ለማጠብ ስለሚያስቸግር ለገበያ ለሚቀርብ ማር አንመክረውም።

ተመራጩ የማይዝግ ብረት ወይም በተለምዶ ስቴንለስ ስቲል የምንለው ነው። ለምግብ ዕቃ በሰፊው የሚሠራበት ዓይነት 304 በሚል ቁጥር ይታወቃል። ይህ ዓይነት ማግኔትን አጥብቆ ስለማይስብ፣ በግዥ ጊዜ ትንሽ ማግኔት ይዞ መሄድ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይረዳል። የውስጥ ብየዳው ልሙጥ መሆኑንም በእጅ ዳሶ ማረጋገጥ ይገባል፤ በሻካራ ብየዳ ውስጥ ቆሻሻ ይደበቃልና።

አቅም ለሚያንሰው አጥቢያ ለምግብ ተብሎ የተሠራ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ በቂ ነው። የብርጭቆና የሹካ ምልክት ያለበትን መፈለግ ይገባል። ዘይት፣ ነጭ ጋዝ ወይም የተባይ መድኃኒት ተይዞበት የነበረ ጀሪካን ግን ምንም ያህል ቢታጠብ ለማር ከቶ አይሁን። ይህ የጥራት ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

መጠኑ ስንት ይሁን?

ዕቃ የሚሸጠው በሊትር፣ ማር የሚመዘነው በኪሎ ግራም መሆኑ ብዙዎችን ያሳስታል። ማር ከውኃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ለምሳሌ 10 ቀፎ ያለው ደብር በአንድ ቆረጣ ከእያንዳንዱ 15 ኪሎ ግራም ቢጠብቅ፣ ጠቅላላው 150 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ለ1.4 ሲካፈል 107 ሊትር ይደርሳል፤ ለአረፋው አንድ አሥረኛ ሲጨመርበት 120 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይበቃል ማለት ነው። ዕቃው ሲሞላ ከአንድ ሰው ክብደት በእጥፍ ስለሚበልጥ፣ መቆሚያውና ወለሉ ጽኑ መሆን አለባቸው።

ቅርጹና አሠራሩ

ዕቃው ከስፋቱ ቁመቱ የሚበልጥ፣ አፉ ሰፊ፣ ክዳኑም ጥብቅ ይሁን። ከበታቹ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቧንቧ ያስፈልገዋል፤ የውኃ ቧንቧ ለወፍራም ማር ይጠብበታል። በወንፊት የተጣራው ማር ሞቅ ባለ ክፍል ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ሲያርፍ፣ አረፋውና የሰም ፍርፋሪው ወደ ላይ ይወጣል፤ ጥሩው ማር ከሥር ይቀዳል። ከላይ የተሰበሰበውን ሰም ለጧፍ ማስቀመጥ ይቻላል።

ትልቁ ዕቃ ማሩ የሚጠራበት እንጂ ዓመቱን ሙሉ የሚከማችበት አይደለም። በደጋ አገር ማር ቶሎ ይረጋል፤ እንደ ላስታና እንደ ትግራይ ነጭ ማር ያለው በትልቅ በርሜል ከረጋ ማውጣቱ እጅግ ያደክማል። ስለዚህ እንደጠራ ወደ ትንንሽ ዕቃ መገልበጥ ይገባል። የረጋውን ማቅለጥ ካስፈለገ ዕቃውን ከ45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በማይበልጥ ሙቅ ውኃ ውስጥ ማቆም እንጂ እሳት ላይ መጣድ አይገባም።

አቀማመጥና እንክብካቤ

ማር ከዕጣን፣ ከነጭ ጋዝና ከቀለም ጋር በአንድ ክፍል አይቀመጥ። ንዋያተ ቅድሳት በሚጠበቁበት ዕቃ ቤት ማስቀመጥም ለሁለቱም አይስማማም። ክፍሉ ደረቅ፣ መስኮቱ በወንፊት የተሸፈነ ይሁን። ዕቃው ከታጠበ በኋላ ፈጽሞ ሳይደርቅ ማር አይጨመርበት፤ የቀረው ጥቂት ውኃ የመቡካት መነሻ ይሆናል። ማንኛውም ዕቃ ሳይበስል የተቆረጠን ማር አያድንም፤ እንጀራው ቢያንስ ሦስት አራተኛው በሰም ሳይከደን አይቆረጥ።

በግዥ ጊዜ

የሰበካ ጉባኤው ቢያንስ ከሦስት ሻጮች ፕሮፎርማ ሲጠይቅ፣ የብረቱን ዓይነት፣ የሊትሩን መጠን፣ የቧንቧውን ስፋትና የክዳኑን ሁኔታ በጽሑፍ ይግለጽ። እንዲህ ካልሆነ ዋጋው ይነጻጸራል እንጂ ዕቃው አይነጻጸርም። ጀማሪ አጥቢያ በሁለት ንጹሕ ባልዲዎች ጀምሮ፣ የአንድ ዓመት ምርቱን መዝግቦ፣ ከዚያ በኋላ በልኩ ቢገዛ ከሙዳየ ምጽዋት የሚወጣው ገንዘብ በከንቱ አይባክንም።

ጌታችን ስለ አዲስ ወይንና ስለ አሮጌ አቁማዳ ያስተማረው ምሥጢሩ ጥልቅ ነው፤ ምሳሌው ግን ዕቃው ካልተስማማ ይዘቱም እንደሚጠፋ ለሁላችን ግልጽ ያደርግልናል። የሰጠንን በረከት በተገባ ዕቃ ጠብቀን ለታለመለት አገልግሎት እንድናደርሰው አምላካችን ይርዳን።